97 በመቶውን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ!

«ሲሙሌሽኑ 97 በመቶ ኮንቨርዥን ሰጥቶናል።»

ከገባው ጥሬ ዕቃ 97 በመቶው ተቀየረ ማለታቸው ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ አለች፣ የአዋጭነት ጥናት ላይ አለች፣ ባለሀብት ፊት የሚቀርብ ስላይድ ላይ አለች። እስኪ ፋይሉን ክፈቱልኝ እላለሁ። ሪአክተሩን፣ ሪአክሽኑ የሚካሄድበትን ዕቃ፣ ስከፍተው የማገኘው ሁሌም አንድ ነው፤ አር ስቶይክ። ለማታውቁት፣ አር ስቶይክ አስፐን ፕላስ የሚባለው የኬሚካል ፋብሪካን በኮምፒውተር የሚያስመስል ሶፍትዌር ውስጥ ካሉት የሪአክተር ብሎኮች አንዱ ነው። የሪአክሽኑን እኩልታና ኮንቨርዥኑን ራሳችሁ ትሞሉለታላችሁ፤ እሱ ደግሞ የሚገባውንና የሚወጣውን፣ ሙቀቱንም ጭምር ያመዛዝንላችኋል። 0.97 ብላችሁ ጻፋችሁ፣ 0.97 መለሰላችሁ። ታዲያ ሲሙሌሽኑ ምኑን ነው የሰጣችሁ? ሰጪዎቹ እናንተ ናችሁ!

ብሎኩ ጥፋት የለበትም። ፕሮጀክቱ ገና ሲጀመር፣ ስንት ቶን ጥሬ ዕቃ ገብቶ ስንት ቶን ምርት እንደሚወጣ ለማወቅ፣ ወይም ዋናው ሥራችሁ የዲስቲሌሽን ኮለመኑ (ፈሳሾችን በማፍላት የሚለየው ማማ) ሲሆን፣ ተጠቀሙበት። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ከዚያው ፋይል ተነስታችሁ «የሪአክተሩ መጠን 10 ሜትር ኩብ ነው» ስትሉ ነው የማብደው። አር ስቶይክ ስለ መጠን ምንም አያውቅም። ስለ ጊዜ ምንም አያውቅም። ስለ ማማሰያ፣ ስለ ካታሊስት (ሪአክሽኑን ስለሚያፋጥነው ነገር)፣ ስለ ማቀዝቀዣ ምንም አያውቅም። 10 ሜትር ኩቡ የመጣው ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ከተቀዳ «አንድ ሰዓት» የሪአክሽን ጊዜ ነው።

ባዮዲዝልን ላንሳ፤ ከሁሉም በላይ የሚደርሰኝ እሱ ነውና። ሀገራችን የባዮፊዩል ስትራቴጂዋን በ2007 (እ.ኤ.አ.) ካወጣች ወዲህ ስለ ጃትሮፋና ስለ ጉሎ ያልተጻፈ የለም። ፍሎውሺቱ፣ የምርት ሂደቱ ንድፍ፣ ግን አንድ ዓይነት ነው። ዘይቱን ትራይኦሊን በሚባል አንድ ንጹሕ ሞለኪውል ወክለው ያስገቡታል፤ በአንድ ሞል ዘይት ስድስት ሞል ሜታኖል፣ 60 ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት፣ በቃ። ትንሽ የበረታው ተማሪ «ኪኔቲክስ ተጠቅሜያለሁ» ይላል፤ የሪአክሽኑን ፍጥነት የሚገልጹ ቁጥሮች ማለቱ ነው። ደስ ይለኛል፤ ቁጥሮቹን አያለሁ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኔብራስካ ውስጥ በአኩሪ አተር ዘይት ላይ የተለኩ ናቸው! ጥሩ ሥራ ነው፤ ሦስት ተከታታይ ሪአክሽኖች፣ ሁሉም ወደፊትም ወደኋላም የሚሄዱ፣ ስለዚህ ስድስት የፍጥነት ቁጥሮች አሉት። ግን እነዚያ ሰዎች የለኩት አኩሪ አተር ነው። የጃትሮፋ ዘይት ነጻ ፋቲ አሲዱ (ከዘይቱ ሞለኪውል የተላቀቀው አሲድ) ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ካታሊስቱን፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድን፣ ስትጨምሩበት መጀመሪያ የምታገኙት ሳሙና ነው። ካታሊስታችሁ ተበላ፣ ከባዮዲዝሉ ጋር የሚወጣው ግሊሰሪን አልለይ አለ፣ በአሲድ የሚደረገው ቅድመ ዝግጅት ግድ ሆነ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ሳሙና የለም። ለምን? ሳሙናውን የጻፈለት ሰው ስለሌለ። ሶፍትዌሩ ያልነገራችሁትን ሪአክሽን ከራሱ አያመጣም።

ዘይትና ሜታኖል ደግሞ አይዋሃዱም። የዚያው የ1997ቱ ጥናት ትልቁ ነጥብ መጀመሪያ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ማማሰሉ እንደሆነ ማሳየቱ ነው። ሲ ኤስ ቲ አር (ያለማቋረጥ የሚማሰል ሪአክተር) ብላችሁ ስትመርጡ «ውስጡ ሁሉ ቦታ አንድ ዓይነት ነው» ብላችሁ እየማላችሁ ነው። ማሃላችሁን የሚያረጋግጥ ማማሰያ አላችሁ? ፍጥነቱ ስንት ነው? የመቅዘፊያው ቅርጽ ምንድን ነው? ስጠይቅ ዝም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ሁሉ የሚያስንቅ ልንገራችሁ። ግፊት የሚለውን ሳጥን ማንም አይነካውም፤ ሁሉም ፋይል ላይ 1.01325 ባር ተቀምጧል። ይሄ የባህር ጠለል ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር አካባቢ ነው። ሜታኖል በባህር ጠለል 64.7 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ እዚህ ግን 58 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍላት ይጀምራል። እናንተ ክፍት ሪአክተር በ60 ዲግሪ ብላችሁ ጽፋችኋል! ተኑን አቀዝቅዞ የሚመልስ ኮንደንሰር ከሌለው ሜታኖላችሁ ተነነ፣ ስድስት ለአንድ ያላችሁት ፈረሰ፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ መርዛማና ተቀጣጣይ ጋዝ ሞላ። ይህን ለማወቅ አንድ ቁጥር መቀየር በቂ ነበር። አንድ ቁጥር! የምንኖርበትን ከተማ ከፍታ ሳናስገባ የምንሠራው ሞዴል የማን ሀገር ሞዴል ነው?

የኪኔቲክስ ዳታ አጣሁ የሚለው ደግሞ ወደ ሌላው የአስፐን ሪአክተር ብሎክ፣ ወደ አር ጊብስ ይሮጣል። እኩልታ አይጠይቅም፣ ኮንቨርዥን አይጠይቅም፣ ሁሉንም ራሱ ያወጣል፤ ስለዚህ «ትክክለኛው» እሱ ይመስላቸዋል። አር ጊብስ የሚነግራችሁ ዘላለም ብትጠብቁ የት እንደምትደርሱ ነው። መቼ እንደምትደርሱ አይነግራችሁም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድን ወደ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ መቀየርን ውሰዱ፤ አዋሽ መልካሳ ላይ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የተከልን ሰዎች ስለሆንን ባዕድ ጉዳይ አይደለም። አር ጊብስን በ100 ዲግሪ ብትጠይቁት ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይቀየራል ይላችኋል። እውነት ነው፤ ኢኳሊብሪየሙ፣ ሪአክሽኑ በመጨረሻ የሚያርፍበት ሚዛን፣ እዚያ ነው። ግን የተለመደው የቫናዲየም ካታሊስት 400 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ሥራ አይጀምርም። ሲጀምር ደግሞ ሪአክሽኑ ራሱ እያሞቀ 600 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል፤ እዚያ ላይ ኢኳሊብሪየሙ ይይዘውና መንገድ ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው እውነተኛዎቹ ፋብሪካዎች በመካከል እያቀዘቀዙ ጋዙን በአራት ያህል የካታሊስት አልጋዎች የሚያሳልፉት። አንድ የጊብስ ብሎክ ይህን ሁሉ ደብቆባችሁ 99 በመቶ ያሳያችኋል።

ዩኒት ነገር ላይ ብዙ አልቆይም። አንድ ምሳሌ ብቻ፦ 13,000 ካሎሪ በሞል የሆነ አክቲቬሽን ኢነርጂ (ሪአክሽኑ እንዲጀምር መሻገር ያለበት የኃይል መጠን) ጁል በሚለው ሳጥን ውስጥ ከገባ፣ በ60 ዲግሪ የፍጥነት ቁጥሩ በ3 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ያብጣል። ሲሙሌሽኑ ግን ቅር ሳይለው ኮንቨርጅ ያደርጋል። ኮንቨርጅ አደረገ ማለት ሒሳቡ ተዘጋ ማለት እንጂ ሒሳቡ እውነት ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሙቀት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከውጤት አልፎ ወደ ሕይወት ይሄዳል። አክቲቬሽን ኢነርጂው 50 ኪሎጁል በሞል የሆነ ሪአክሽን ከክፍል ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ቆላ ላይ በአንድ ሌሊት ኩፍ የሚለው ሊጥ ደጋ ላይ የሚዘገየው በዚሁ ሕግ ነው። ሪአክተር ውስጥ ግን የሚወጣው ሙቀት እንዲህ እጥፍ በእጥፍ ሲያድግ ማቀዝቀዣው የሚወስደው በቀጥታ መስመር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ብልቃጥ ላይ የሠራችሁትን ወደ 1,000 ሊትር ስታሳድጉ ይዘቱ 1,000 ጊዜ ያድጋል፣ ቅርጹ አንድ ከሆነ የሚቀዘቅዘው ገጽታ ግን 100 ጊዜ ብቻ። ለእያንዳንዱ ሊትር ያለው ማቀዝቀዣ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ ማለት ነው። ሞዴላችሁ ላይ «ሙቀት 60 ዲግሪ፣ አይለወጥም» ብላችሁ ስትቆልፉት ይህን ሁሉ ጥያቄ አባራችሁት ነው።

አሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2007። ቲ-ቱ ላቦራቶሪስ የሚባል ትንሽ ድርጅት ለቤንዚን የሚጨመር ኬሚካል ያመርት ነበር። ሪአክተሩ 2,450 ጋሎን ነው፣ ወደ 9,300 ሊትር። ማቀዝቀዣው ተበላሸ፤ መጠባበቂያ አልነበረውም። ሙቀቱ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሶዲየሙ ከራሱ ማሟሟያ፣ ከዳይግላይም ጋር ሁለተኛ ሪአክሽን ጀመረ። ፈነዳ። አራት ሰዎች ሞቱ፣ 32 ቆሰሉ። ከሞቱት አንዱ የድርጅቱ ተባባሪ ባለቤትና ኬሚካል ኢንጂነር ነበር። ያ የፈነዳው 175ኛው ባች (የምርት ዙር) ነበር፤ ከዚያ በፊት 174 ጊዜ ሠርተውታል። ምርመራውን ያካሄደው የአሜሪካ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ ይህ ዓይነቱ አደጋ በኬሚካል ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ውስጥ እንዲገባ ምክረ ሐሳብ አቅርቧል። ያልተጻፈ ሁለተኛ ሪአክሽን ሲባል ይህ ነው።

ተማሪዎቹን ብቻ አልወቅስም። ላብራቶሪ ገብቶ ለመለካት ጋዝ ክሮማቶግራፍ (የድብልቅን ይዘት ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ካለ ጋዙ የለም፣ ጋዙ ካለ መብራቱ የለም፣ ሪኤጀንቱ የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል። ያንን አውቃለሁ፣ ያሳዝነኛልም። የሚያናድደኝ ከላይ የተቀመጠው ነው። ገምጋሚ ሆኖ «የትኛውን ቨርዥን ተጠቀምክ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ «ይህን የፍጥነት ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብሎ ግን የማይጠይቅ። ሦስት ወር ሙሉ በእጁ ታይትሬሽን እየሠራ አሥር ነጥብ የለካን ልጅ «ይሄ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ሲያሸማቅቀው፣ በቴሌግራም የተቀባበሉትን ፋይል ስም ቀይሮ ያመጣውን በከፍተኛ ማዕረግ የሚያሳልፍ። እነዚያ አሥር ነጥቦች እኮ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ናቸው!

ላይሰንስ የለንም የሚለውም አይሠራም። ዲ-ደብሊው-ሲም የሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ሲ ኤስ ቲ አርም ፒ ኤፍ አርም (የቱቦ ሪአክተር) አለው። ባች ሪአክተር (አንዴ ሞልተውት ሲጨርስ የሚያወጡት) ደግሞ ለየንጥረ ነገሩ አንድ፣ ለሙቀቱም አንድ ዲፈረንሻል እኩልታ ነው፤ በፓይተን አንድ ገጽ አይሞላም። ራሳችሁ ስትጽፉት እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ግድ ይላችኋል።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ፍሎውሺት አትላኩልኝ። የጃትሮፋ፣ የጉሎ፣ የኑግ ዘይት፣ የሞላሰስ መብላላት (ፈርመንቴሽን)፣ በእጃችሁ የለካችሁት የጊዜና የኮንሰንትሬሽን ሠንጠረዥ ካለ፣ አምስት ረድፍም ቢሆን፣ እዚህ ኮመንት ላይ አስቀምጡ። ሙቀቱን፣ የማማሰያውን ፍጥነት፣ የዘይቱን የአሲድ መጠንና የለካችሁበትን ከተማ ከፍታ ጻፉበት። የፍጥነት ቁጥሮቹን ከእናንተ ጋር አብሬ አወጣለሁ፤ ስማችሁም ከዳታው ጋር ይቀመጣል።