ጨው የለው፣ ግን ጨዋ
ለእኛ ለባሕር ዳሮች ጣናም ዘንባባውም ተሰጥቶናል፤ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው «ምንም አይልም»ን ነው። (ሌላውም አገር ይላታል፤ እንደኛ የተካነባት ግን አላየሁም።)

በአማርኛ ምግብ ይናገራል። ጨው የበዛበት «ጨው ጨው ይላል»፣ ጭስ የገባበት «ጭስ ጭስ ይላል»። ምንም የማይለው እንግዲህ አደብ ያለው ነው፤ ጨው ባይኖረውም ጨዋ ነው። እህቶቿ እሷን አያህሉም። «አይከፋም» ክፉን ጠርታ ታስተባብላለች፤ «ለክፉ አይሰጥም» ደግሞ ክፉውን ደጅ ድረስ አምጥታ ትመልሰዋለች። የኔዋ ግን ክፉም ደግም አታነሣ።

ሰሞኑን ሐይቁ ዳር ቀረሶ አዘዝኩ። መሐሉ አልበሰለም። አስተናጋጇ «ዓሣው እንዴት ነው ጋሼ?» አለችኝ። «ምንም አይልም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ምንም አላለም፣ ትንሽ ቢቆይ ግን መዋኘቱ አይቀርም ነበር። ከፍዬ፣ ጉርሻ ጨምሬ ወጣሁ። ማንም አልተቀየመ።

ታንኳ ላይማ ተዉት። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ተሳፋሪው «እግሬ ራሰ እኮ!» ይላል፤ ቀዛፊው «ምንም አይልም አባ» ብሎ መቅዘፉን ይቀጥላል።

ትልቁን ውለታዋን ያየነው ግን በእምቦጭ ነው። ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ ምቹ ውሃ ካገኘ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ እጥፍ መሆን የሚችል፤ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ደለል ደግሞ ድግሱ። እኛስ እንግዳ አክባሪዎች አይደለን? ሐምራዊ አበባውን አየንና «ምንም አይልም» አልነው። እሱም ምንም ሳይል ተስፋፋ። በኋላ እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ስንነቅለው እንኳ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ያለ ጨዋ አረም የት ይገኛል?

እቤት ብቻ አልሠራችልኝም። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ከማለዳ ጀምሮ ሽንኩርት ስታቁላላ ያረፈደችበትን ዶሮ ወጥ አቀረበች።

«እንዴት ነው?»

«ምንም አይልም።»

«ምን እንዲል ፈልገህ ነበር? እንዲያዜምልህ?» ብላ ሳህኑን አነሣችው።

የዋልኩት በሻይና በዳቦ ነው። ሻዩ ስኳር ስኳር ይላል።