ፌስታል ሲከለከል እንጀራው በምን ይያዝ?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል መታገዱን በተመለከተ ነጋዴዎችና ሸማቾች የሰጡትን አስተያየት አንብቤ፣ በክልከላው ከልብ ብስማማም «ዕቃው በምን ይያዝ?» የሚለውን ስጋታቸውን በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። በክረምት የአዲስ አበባን የጎርፍ መውረጃ የሚደፍነውንና ከብቶች ከሣር ጋር እየዋጡት የሚሞቱበትን ነገር ማንም ሊሟገትለት አይገባም። ሆኖም ሽንኩርትና ድንች በዘንቢል ቢያዙም፣ እርጥብ ሥጋና ትኩስ እንጀራ በወረቀት ከረጢት አይያዙም፤ በጉሊት የምትተዳደር እናትም ለእያንዳንዱ ደንበኛ የጨርቅ ከረጢት ልታቀርብ አትችልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ገበያው ግን በስስ ፌስታል እንደተሞላ ቆየ። ስለዚህ ቅጣቱ ዘንቢል ረስቶ ከቤት በወጣ ሸማች ላይ ከመውደቁ በፊት ቁጥጥሩ ከአምራቹና ከአስመጪው ይጀምር።