ይድረስ ለክቡር አቶ ሰልፍ፣ ሆንግ ኮንግ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከእግራችን በቀር ደህና ነን።

እንደሚያስታውሱት ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን። ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳርና ለዘይት፣ ሜክሲኮ ለታክሲ፣ ማደያ ለነዳጅ አብረን ቆመናል። ያኔ «አንተ» ነበር የምልዎ። ድንጋይ ወክለን ቤት ሄደን፣ ቡና ጠጥተን፣ ተመልሰን ድንጋያችንን አንስተን የምንቆምበት ጊዜም ነበር። ሆንግ ኮንግ ካየሁዎ ወዲህ ግን አፌ እምቢ አለ። አንቱ ሆነዋል። ዙሪያዎን የብረት አጥር ከቦዎታል፤ በገመድ ታጅበዋል። ተራ አስከባሪ እንኳ አያስፈልግዎትም፤ ሰዉ ራሱ ያስከብርልዎታል።

እኔና ባለቤቴ የነበረችን አንዲት ቅዳሜ ናት። ጠዋት መርከብ፣ ቀን ምሳ፣ ከሰዓት ተራራ፣ ማታ የመብራት ትርዒት ብለን አቀድን። እርስዎን አልጋበዝንም።

ጠዋቱ መቼም ይባረክ። ከጺም ሻ ጹይ ወደ ሴንትራል በስታር ፌሪ ተሻገርን። ካርዳችንን ነካ አድርገን ገባን፤ በቃ። መርከቡ ሁለቱም ጫፉ ፊት ስለሆነ አይዞርም፤ የሚዞረው የመቀመጫው መደገፊያ ነው። ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ገለባበጠችው፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ እስኪስቁ ድረስ። ባሕሩ፣ ነፋሱ፣ ፎቁ ሁሉ ግሩም ነበር። «ተጨናንቋል የሚሉት ይሄንን ከተማ ነው?» አለች። ይህን ስትል ሰምተዋት ነበር መሰለኝ።

ምሳ ላይ አገኙን። የዲምሰም፣ ማለትም በትንንሽ ሳህን የሚቀርበው የቻይና ምግብ፣ ቤቱ በር ላይ ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ሰጡን፤ 47። ቁጥሩ የሚጠራው በካንቶኒዝ ነው። እኛ ደግሞ ከካንቶኒዝ የምናውቀው «ዲምሰም» የሚለውን ብቻ ነው። የእኛ ተጠርቶ ማለፉን የተረዳነው ባለ 53ቷ ሴትዮ ወረቀቷን ይዛ ስትገባ ነው። ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። እነሱ ሲኒያቸውን በትኩስ ሻይ አለቀለቁ። እኛ ርቦን ስለነበር የእኛን ማለቅለቂያ ጠጣነው።

እሱ ይሁን። ቅሬታዬ ያለው ተራራው ላይ ነው።

ቪክቶሪያ ፒክ 552 ሜትር ነው። እንጦጦ ቢሰማ ይስቃል፤ ግን ይህኛው ከባሕር ዳር ቀጥ ብሎ ስለሚነሳ አያስቅም። ወደ ላይ የሚጎተተው ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በገቡት አዲሶቹ ባቡሮች በአንድ ጊዜ 210 ሰው ይጫናል፤ ድሮ 120 ነበር። እኔ ይህን አንብቤ ለባለቤቴ «ቶሎ ነው የምንገባው» ብያት ነበር። እስካሁን ታነሳብኛለች። ለካ 210 ሰው ለእርስዎ፣ ያውም ቅዳሜ፣ ቁርስ እንኳ አይሆንም።

እንደ አንጀት ተጠማዘው ነበር። ወደፊት እንሄዳለን፣ እንዞራለን፣ ወደኋላ እንሄዳለን፣ እንደገና እንዞራለን። በየመዞሪያው ከአንዲት ባልቴት ጋር ፊት ለፊት እንገናኛለን። መጀመሪያ ፈገግ አልን። ሁለተኛ አንገታችንን ዝቅ አደረግን። አምስተኛው ላይ ባለቤቴ በአማርኛ «ልጆች ደህና ናቸው?» ልትላቸው ምንም አልቀራት። እኔ ደግሞ የአገር ቤቱ ነገር ትዝ አለኝና ዙሪያዬን ድንጋይ ፈለግሁ። ንጹሕ ከተማ ነው፤ ድንጋይ የለም። «ከፊት ወንድሜ አለ» ልል አሰብኩ፤ ፊቴን የሚመስል አንድም ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው የሚጣላን ሰው አለመኖሩ ነው። አገራችን እርስዎ ባሉበት ጨዋታ አይጠፋም። አንዱ ገባ ይላል፣ ሌላው ይጮሃል፣ ሽማግሌ ይገላግላሉ፣ ጊዜው ይሄዳል። እዚህ ሁሉም ስልኩን እያየ በጸጥታ አንድ እርምጃ ይራመዳል። ሰው ያለ ጠብ አንድ ሰዓት ተኩል እንዴት ይቆማል?

ባቡሩ ግን ሲጎተት ደስ ይላል፤ ሽቅቡ ቀጥ ያለ ከመሆኑ የተነሳ በመስኮት የሚታየው ፎቅ ሁሉ የወደቀ ይመስላል። ደቂቃዎች ናቸው፤ ደረስን። ወጣን። ጉም።

ነጭ፣ ድፍን ያለ የመጋቢት ጉም። ወደቡ የለም፣ ማዶ ያለው የኮውሉን ሰፈር የለም፣ የባለቤቴ ኮፍያ ራሱ በመከራ ነው የሚታየው። ይህም ሆኖ ሰዉ ተሰልፏል። ለምን? ለታናሽ ወንድምዎ ለሰልፊ። ከጉሙ ጋር ለመነሳት! እኛም ተነሳን። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፤ ያየው ሁሉ «እንጦጦ መቼ ሄዳችሁ?» ይለኛል።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጺም ሻ ጹይ ተመልሰን ባሕሩ ዳር ቆምን፤ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ የተረፈው፣ እ.ኤ.አ. የ1915ቱ የሰዓት ማማ አጠገብ። እዚያ እርስዎ ክራባትዎን ፈተው ግር ግር ሆነው ጠበቁን። ከማዶ ፎቆቹ በመብራት ሲጫወቱ ነበር አሉ። እኔ ያየሁት ከፊቴ ባለው ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። ስልኩ ጥሩ ነው፤ በግልጽ ያሳያል።

ወደ ሆቴል ስንመለስ አንድ ነገር ሆነ። ባለቤቴ ድንገት ጠፋችብኝ። ዞር ስል ከአሥር ሰዎች ኋላ ቀጥ ብላ ቆማለች። «ምን እየጠበቅሽ ነው?» አልኳት። «እኔ እንጃ» አለችኝ። «ቆመው አየሁና ቆምኩ።» እኔም ከኋላዋ ቆምኩ። ሥራዎን ጨርሰዋል ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ለካ የአውቶቡስ ነበር። ይህን የምጽፍልዎ እዚያው አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው፤ ፎቁ ላይ፣ ፊት ለፊቱ መስኮት ጋ። የመጨረሻውን ፌርማታ ስም ተጽፎ አይተነዋል፤ የት እንደሆነ ግን አናውቅም። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃለች። ከፊታችን ማንም የለም።

ከኋላዎ የማልጠፋው፣
ቁጥር 47