ለቫክስ የሚቆምለት ማን ነው?

ኔትቢኤስዲ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና በቫክስ ኮምፒውተር ላይ ለማስኬድ የሚደክም ሰው ትግሉ ከአሮጌው ማሽን ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተማረረ ነበር፤ የሚያንገበግበው የዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ግድየለሽነት ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ቫክስ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ የክፍልፋይ ቁጥሮችን አያያዝ የደነገገው አይትሪፕልኢ 754 የተሰኘው መስፈርት የወጣው ግን በ1985 ነው። በዚህም ምክንያት ቫክስ «ወሰን የለሽ» እና «ቁጥር ያልሆነ» የሚባሉትን እሴቶች ጨርሶ አያውቃቸውም። ይህ ለዘመናት የታወቀ ሆኖ ሳለ ስንቱ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት ዝግጁ ኮድ)፣ ማሽኑ ይደግፋቸው እንደሆነ እንኳ ሳይፈትሽ ይጠቀምባቸዋል! ማስተካከያ ስንልክ የሚጠብቀን መልስ «ይህን ዛሬ ማን ይጠቀምበታል?» የሚል ነው። እኛ እኮ የምንጠቀምበት ሰዎች ነን፤ የለመንነውም ጥቂት መስመር ኮድ እንዲቀበሉን ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ራስት የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጉዳይ ነው። ቋንቋውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ዋናው ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) የተመሠረተበት ኤልኤልቪኤም የተሰኘው የኮድ ማመንጫ ለቫክስ ኮድ ስለማያመነጭ፣ በሲ ቋንቋ ተጽፎ ለዓመታት ሲያገለግል የኖረ ላይብረሪ በራስት በተተካ ቁጥር በእርሱ ላይ የተደገፈው ፕሮግራም ሁሉ ከእጃችን ይወጣል። የቀረን ጂሲሲ የተባለው ሌላ ኮምፓይለር ነው፤ በእርሱም ውስጥ የቫክስን ክፍል የሚንከባከቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።