ቄሳር የተገደለው የት ነው?

የጅማ ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? «የጥንቷ ሮም መሪ ጁሊየስ ቄሳር የተገደለው ሮም ፎረም በሚባለው የከተማዋ ጥንታዊ አደባባይ ውስጥ ዛሬም ቆሞ በሚታየው የሴኔት አዳራሽ ነው» የሚለው ወሬ እየተዛመተ ስለሆነ ላርመው። ያ አዳራሽ መጀመሪያ ተሠርቶ ያለቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ29 ነው። ቄሳር የሞተው ግን በ44 ነው፤ 15 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ያን ቀን ሴኔቱ የተሰበሰበው የጦር አዛዡ ፖምፔ ካሠራው ቴአትር ጋር በተያያዘ አዳራሽ ነበር። ደስ የሚለው፣ ቴአትሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቅሪቱ ሮም ውስጥ ካምፖ ዴ ፊዮሪ በሚባለው አደባባይ አካባቢ ባሉ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ምድር ቤት ውስጥ ተሸሽጎ አለ። በሳተላይት ካርታ ቪያ ዲ ግሮታ ፒንታ የሚባለውን መንገድ ፈልጉ። ቤቶቹ የጥንቱን የተመልካች መቀመጫ ተከትለው ግማሽ ክብ ሠርተው ታገኟቸዋላችሁ። ለጥያቄና መልስ ውድድር የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ ይቺ ስህተት ነጥብ ታስጥላችኋለች፤ ሮም የሚሄድ ሰው ደግሞ ያለቦታው ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እውነተኛውን ቴአትር ሳያይ ይመለሳል።