ጥፋቱ የሕንፃው አልነበረም

ዋሽንግተን ዲሲ ጂ ጎዳና ላይ የሚገኘውን የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት የማይወዱ ብዙዎች ነበሩ። ጥቁር ብረት፣ መስታወትና ጡብ ነው፤ ጉልላት የለው፣ ጌጥ የለው። አሳንሰሩ እየቆመ፣ ማቀዝቀዣው እየተበላሸ ዓመታት ሲያልፉ የከተማው አስተዳደር ሌላ ዋና ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ አስቦ ነበር።

ስሙ የጠፋው ግን ጠጋኝ አጥቶ ነው። ንድፉ የታዋቂው አርክቴክት የሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ነው፤ ከእጁ ወጥቶ የተገነባ ቤተ መጻሕፍትም ይኸው ብቻ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1969 አረፈ፣ ቤቱ በ1972 ተከፈተ። የምድሩ ወለል ዙሪያው መስታወት ስለሆነ መንገደኛው የተቀመጠውን አንባቢ ያየዋል። ሽቅብ የሚያስወጣ ግርማዊ ደረጃ የለም፤ ከእግረኛ መንገዱ ቀጥ ብሎ መግባት ነው። አጥርና ዘበኛ እያየን፣ «ወዴት ነው?» እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ2017 እስከ 2020 በ211 ሚሊዮን ዶላር ሲታደስ ውጫዊ መልኩን ጠበቁለት። በጡብ ታፍነው የነበሩትን ደረጃዎች ግን ከፍተው ብርሃን አስገቡባቸው። ጣሪያው ላይ አትክልት ያለበት ሰገነት፣ ለልጆች ሸርተቴ፣ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮም ጨመሩ። እኔ ከሁሉ የምወደው ደረጃውን ነው፤ ድሮ ሰው ለመሸሽ የሚቸኩልበት ቦታ ዛሬ የሚቆምበት ሆኗል።

«በስልክ ዘመን ለመጽሐፍ ቤት ይህን ያህል ገንዘብ?» የሚሉ አሉ። ብርድ ሲጠና ቤት የሌለው ሰው የት ይቀመጥ? የሥራ ማመልከቻ የሚሞላው ኮምፒውተር የሌለውስ? የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት በ2014 የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ የቀጠረው ለዚህ ነው። ሳንቲም ሳይከፍሉ፣ ቡና እንኳ ሳያዙ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡበት ሞቃት ቤት መሐል ከተማ ውስጥ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

የእኛ ሰው ግን ብዙም አልለመደውም። ለማኅበር ስብሰባ የምግብ ቤት አዳራሽ እንከራያለን፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግን የመሰብሰቢያ ክፍል በነፃ ይገኛል። እንግሊዝኛ በደንብ የማይችል ሰው በከተማው መሥሪያ ቤቶች በቋንቋው እንዲገለገል የሚያዝዘው፣ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛንም ይጨምራል። ስለዚህ ቅዳሜ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ እነርሱ ይንሸራተቱ። እናንተ ወደ መረጃ ጠረጴዛው ቀርባችሁ የአማርኛ መጻሕፍት የት እንዳሉ ጠይቁ፣ በአማርኛ።