ወርቁ ያለበትን አንድ ሰው ብቻ ሲያውቅ

በፈረንጆች ጥቅምት 1929 አንድ አውስትራሊያዊ ለአንድ የፓርላማ አባል ደብዳቤ ጻፈ። ሃሮልድ ላሲተር ይባላል። ከ18 ዓመት በፊት በአገሪቱ መሀል፣ ሰው በማይደርስበት በረሃ፣ ወርቅ የሞላው ረጅም የድንጋይ ዘንግ አግኝቻለሁ ይላል። መንግሥት ገንዘብ ያውጣ፣ ውሃ ያስገባ፣ ወርቁ ይወጣል ነው ነገሩ። መንግሥት ጉዳዩን አይቶ ተወው። በ1930 ላሲተር ይህንኑ ታሪክ ሲድኒ ውስጥ ለሠራተኛ ማኅበር መሪው ለጆን ቤይሊ ሲያወራ ግን ወርቁን ያየሁት በ1897 ነው አለ። 18 የነበረው ዓመት 33 ሆነ።

ልዩነቱ ማንንም አላስቆመም። ገንዘብ ተዋጣ፤ «የማዕከላዊ አውስትራሊያ ወርቅ ፍለጋ ኩባንያ» ተቋቋመ፤ መኪና ተገኘ፤ አውሮፕላን ተገዛ።

ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ወርቁ እውነት ነበር ወይ?» ብሎ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ አሁንም በየጊዜው «አገኘሁት» የሚል ሰው ይነሳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ገንዘብና ዕቃ አንድ ሰው ራስ ውስጥ ያለ ካርታ ተከትሎ እንዴት ይወጣል? ካርታውን የያዘው ሰው ሲሳሳት፣ ሲዋሽ ወይም ሐሳቡን ሲለውጥ ምን ይደረጋል? ይህን አስቀድሞ ያሰበበት ያለ አይመስልም።

ዘመኑ እርግጥ ክፉ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቋል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1932 ከሠራተኛው ወደ 30 በመቶ የሚሆነው ሥራ ፈት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወርቅ አለ የሚል ሰው ሲመጣ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ይጠላል። አሁንም ያው ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «እዚህ ቦታ ይህን ያህል ቶን ወርቅ ተገኘ» የሚል ዜና ሥር ገብታችሁ «ማን ቆፈረ? ናሙናውን የመረመረው ማነው?» ብላችሁ ብትጽፉ የሚመጣባችሁን ስድብ ታውቁታላችሁ።

ጉዞው በአገሪቱ መሀል ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ የተነሳው ሐምሌ 1930 ነው። ከተማዋ ባቡር ካገኘች ገና ዓመት አልሞላትም። መሪው ፍሬድ ብሌክሊ ነበር። ወንድሙ በጊዜው ሚኒስትር ነው። ሰውየው ራሱም ቀላል አልነበረም፤ በ1908 ከኒው ሳውዝ ዌልስ እስከ ዳርዊን በብስክሌት የሄደ ነው። አብረውት አብራሪ፣ መካኒክ፣ ልምድ ያለው ወርቅ ፈላጊና በረሃውን የሚያውቅ ሹፌር አሉ። ዋናው መኪና ባለ ስድስት ጎማ ቶርኒክሮፍት ነበር። አውሮፕላኗን «ጎልደን ክዌስት» አሏት፤ የወርቅ ፍለጋ እንደ ማለት ነው። ስም ማውጣቱን ችለውበታል።

በዚያ አገር መኪና ምን እንደሚገጥመው ትንሽ ልበል። ሙልጋ የሚባል ዛፍ አለ፤ እኛ ግራር ከምንለው ወገን ነው። የተሰበረው ጉቶው እንደ ጦር ቆሞ ጎማ ይበሳል። ስፒኒፌክስ የሚባለው እሾሃማ ሣር ደግሞ ዘሩ ራዲያተሩን ይደፍንና ሞተሩ ይፈላል። ሣሩ ራሱ ከመኪናው ሆድ ሥር ይጠራቀምና ጭስ ማውጫው ሲግል እሳት ይይዛል። ሹፌሩ በየጥቂቱ ወርዶ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ሣሩን በእጁ እየጎተተ ካላወጣ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። አሸዋ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መጥረቢያና አካፋ ይወጣል፤ ዛፍ ተቆርጦ ጎማ ሥር ይነጠፋል። በዚህ ላይ መኪናው የሚበላውን ቤንዚን ራሱ ነው የሚሸከመው። አንድ በርሜል ቤንዚን በተጫነ ቁጥር አንድ በርሜል ውሃ ይቀራል።

ፈረስ ደግሞ እዚያ አይሆንም። በየቀኑ በባልዲ ካልጠጣ ይወድቃል። አገሩን የከፈተው ግመል ነው፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ከዛሬዋ ፓኪስታንና አካባቢዋ ከመጡ ሙስሊም ግመል ነጂዎች ጋር የገባ። አውስትራሊያውያን በደፈናው «አፍጋኖች» ይሏቸው ነበር። ባቡርና መኪና ሲመጣ ግመሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ተጣለ። ደቡብ አውስትራሊያ በ1925 ግመል እንዲገደል የሚፈቅድ ሕግ ሁሉ አውጥታለች።

አውሮፕላኗ ገና በጠዋቱ፣ ስትነሳ ተከሰከሰች፤ አብራሪው ኤሮል ኩት ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። መኪናው ግን እየተንፏቀቀ ወደ ምዕራብ ገፋ። ኢልቢላ የሚባል ውሃ ያለበት ቦታ ሰፈሩ። ከዚያ ማርጆሪ የተባለ ተራራ ደረሱ። ላሲተር ወጥቶ ዙሪያውን አየና 150 ማይል ያህል ወደ ሰሜን አልፈናል አለ።

እስቲ አስቡት። 150 ማይል ወደ 240 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም መንገድ በሌለበት። ብሌክሊ ሰውየው አጭበርባሪ ነው ብሎ ጉዞውን አቆመ። ብዙዎች ብሌክሊን ቶሎ ተስፋ ቆረጠ ብለው ይወቅሱታል። እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ ትክክለኛ ውሳኔ የምለው ይሄንኑ ነው። ችግሩ የተወሰነው ተራራው ላይ መሆኑ ነው። ሲድኒ ላይ፣ አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ሳይቃጠል፣ ሁለቱን ዓመተ ምሕረቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «የቱ ነው ትክክሉ?» ማለት ይቻል ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪና የለም። ላሲተር ፖል ጆንስ ከሚባል ወጣት የዲንጎ (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ) አዳኝ ጋር በግመል ወደ ደቡብ ወረደ። አንድ ቀን ብቻውን ወጥቶ ተመለሰና ወርቁን አግኝቼዋለሁ አለ። ቦታውን ግን አልናገርም አለ፤ ያመጣውን ድንጋይም አላሳይም አለ። ጆንስ ውሸታም አለው፤ ተደባደቡ። ጆንስ ተመለሰ፤ ላሲተር ሁለት ግመል ይዞ ቀጠለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ግመሎቹ ጥለውት ጠፉ። የዚያ አገር ባለቤቶች የሆኑት አቦርጂናሎች አገኙት። አበሉት፣ አጠጡት። ዛሬ ካልቱካትጃራ ከተባለችው መንደር በስተምሥራቅ አንድ ዋሻ አለ፤ እዚያ ተጠልሎ ነበር። ዓይኑ በአሸዋና በዝንብ ታሞ ማየት እያቃተው ለሚስቱ ይጽፍ ነበር። ሚሊዮን የሚያወጣ ወርቅ ምን ያደርግልኛል፣ ለአንድ ዳቦ ሁሉንም በሰጠሁ የሚል ሐሳብ አለው ማስታወሻው ላይ። በመጨረሻ ጥቂት ውሃ ይዞ ወደ ምሥራቅ በእግሩ ወጣ፤ አንድ የአቦርጂናል ቤተሰብም መንገድ ላይ ረድቶታል። አልደረሰም። አስከሬኑን ቦብ ባክ የተባለ የበረሃ ሰው መጋቢት 1931 ላይ አገኘው።

እዚህ ጋ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ያ ቤተሰብ እዚያው አገር፣ ያለ መኪና፣ ያለ አክሲዮን ይኖር ነበር። ውሃው የት እንዳለ፣ የትኛው ድንጋይ የት እንደሚገኝ ያውቃል። ጉዞው ሲታቀድ ግን የእውቀት ምንጭ ተብሎ የታሰበው ላሲተር ብቻ ነው። እነሱ ታሪኩ ውስጥ የሚገቡት ሰውየው ሊሞት ሲል፣ ያውም ስማቸው ሳይጠራ ነው። ሌላ ሁለተኛ አውሮፕላን ደግሞ ላሲተርን ልትፈልግ ሄዳ ራሷ ጠፋች፤ ሁለቱን ሰዎቿን ለማዳን የአየር ኃይል አውሮፕላኖች ወጡ። የፈላጊ ፈላጊ ሆነ ነገሩ።

አሁን ወደ እውነተኛው ወርቅ። ላሲተር በሞተ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተሰሜን፣ ቴናንት ክሪክ ላይ ወርቅ ተገኘ። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቴሌግራፍ ጣቢያ ያለበት ቦታ ነው። ሰው ስንት ዓመት አልፎበታል! ፍራንክ ጁፑርላ የተባለ አቦርጂናል ነው በ1932 ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ለቴሌግራፍ ሠራተኛው ያሳየው። ወርቅ ፈላጊዎች ለምን አላዩትም? ዓይናቸው ነጩን ድንጋይ፣ ኳርትዙን ነበር የሚፈልገው። የቴናንት ክሪክ ወርቅ ግን ያለው ጥቁርና ቀይ የብረት ድንጋይ ውስጥ ነው። ከጉድጓዶቹ አንዱ ኖብልስ ኖብ ይባላል። ከመሥራቾቹ ጃክ ኖብል አንድ ዓይና ነበር፤ ሸሪኩ ዊልያም ዌበር ደግሞ ዓይነ ስውር። ለሁለት ሰው አንድ ዓይን! ያ ጉድጓድ ከ1 ሚሊዮን አውንስ በላይ ወርቅ አወጣ።

ሳይንሱስ የት ነበር የሚል ካለ፣ ሰሲል ማዲጋን የሚባል ጂኦሎጂስት ነበር። በ1929 እዚያው መሀል አገር ያለውን የሲምፕሰንን በረሃ በአውሮፕላን አየው፤ አሸዋው ጎን ለጎን ተደርድሮ አያልቅም። ማዲጋን በረሃውን በስሙ የጠራለት አልፍሬድ ሲምፕሰን የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሠራ ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ይሄ ሁሌም ያስቀኛል። በ1939 ማዲጋን መሬቱን ረግጦ ሊያጠና ሲነሳ መኪና ሁሉ በነበረበት ዘመን ግመል መረጠ። ግመሎቹን የሚመራው ጃክ ቤጃ ነበር፤ የታወቀው የግመል ነጂ የቤጃ ደርቪሽ ልጅ። ከዘመናዊ ዕቃ በዋናነት የያዙት ሬዲዮ ነው። ተሻገሩም። ማዲጋን መጀመሪያ ከላይ አይቶ፣ ምን እንደሚጠብቀው አውቆ፣ ለሱ የሚሆነውን እንስሳና የሚያውቀውን ሰው መረጠ። የላሲተር ሰዎች ግን መኪናውን አዘጋጅተው ከጨረሱ በኋላ ነው የት እንደሚሄዱ የጠየቁት።

ላሲተር የሞተበት አገር ዛሬ የአቦርጂናሎች መሬት ነው። በ1976 በወጣው የመሬት መብት ሕግ መሠረት እዚያ ማዕድን መፈለግ የሚፈልግ ኩባንያ የባለቤቶቹን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እነሱም እምቢ ማለት ይችላሉ። ኩባንያዎች ሥራ ያጓትታል ብለው ያማርራሉ። ያጓትት። ኢንቨስተሩ ቢያንስ ምን፣ የት፣ በምን ማስረጃ እንደሚፈልግ ቁጭ ብሎ ለማስረዳት ይገደዳል። የሲድኒ አክሲዮን ገዢዎች ላሲተርን ይህን ሳይጠይቁት ነው ቼክ የጻፉት።